ለእንቁጣጣሽ በአርቪ ሸናንዶዋ ልንሄድ ነው፤ ማገዶውን ከቤት እንጫን ወይስ እዚያው እንግዛ?

ጀበና_በጎማ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ውስጥ ሦስት ቀን የፈጀ ክርክር አለ፣ እስቲ እናንተ ዳኙን።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽን በአዳራሽና በድምፅ ማጉያ ማክበር ሰለቸን። አርቪ (መኝታና ወጥ ቤት ያለው መኪና) ተከራይተን ቨርጂንያ፣ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ቢግ ሜዶውስ የሚባለው የካምፕ ቦታ ሁለት ሌሊት ልናድር ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና ዋርሳዬ። የምንነሣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሐሳባችን በዋዜማው ማታ እሳት አንድደን ለልጆቹ እዮሃ አበባዬን ማስተማር፣ ጠዋት ደግሞ ቡናችንን እዚያው ማፍላት ነው።

ያጣላን እንጨቱ ነው። ዋርሳዬ ጓሮ ውስጥ የነበረ ትልቅ ዛፍ ከጫፉ ጀምሮ ደርቆበት ሚያዝያ ላይ አስቆረጠው። ቆራጮቹን "ፍልጡን ተዉልኝ" ብሎ አስቀርቶት አሁን አጥር ሥር ሸራ ለብሶ ተከምሯል። "ይሄ ሁሉ እንጨት በነፃ እያለ ለአምስት ፍልጥ ስምንት ዶላር የምከፍለው ምን ነክቶኝ ነው?" ይላል። የአርቪውን የዕቃ ማስቀመጫ ለክቶ ስንት ፍልጥ እንደሚይዝ ሁሉ አስልቷል። "በሕይወቴ ለማገዶ ገንዘብ አውጥቼ አላውቅም" ሲል ግን አልዋጥልህ አለኝ፤ ሰውዬው ያደገው መርካቶ አጠገብ ነው፣ እናቱ እንጨት የሚገዙት በሸክም ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ፓርኩ ውስጥ እንጨት ይዞ መግባት ክልክል ነው አለችኝ። እውነት ነው? ከሆነስ እንጨት ምን አደረጋቸው? እዚያ ከገዛንስ ለሁለት ማታ ስንት እስር ይበቃናል?

ፈላጭ_ቆራጭ

ስሜ እንዳያስደነግጥሽ፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ሰሜን ቨርጂንያ ውስጥ ዛፍ እቆርጣለሁ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

እህቴ፣ "ከጫፉ ጀምሮ ደረቀ" ያልሽው ነው ጆሮዬን ያቆመው። ዛፉ አሽ የሚባለው ነው? ካላወቃችሁ ዋርሳሽ ክምሩ ጋ ይሂድና አንድ ፍልጥ አንሥቶ ቅርፊቱን በቢላ ይላጠው። ከሥሩ፣ እንጨቱ ላይ፣ ሕፃን ልጅ በእስክሪብቶ የሞነጫጨረው የመሰለ ወዲያ ወዲህ የሚጠማዘዝ መስመር ካለና መስመሩ ውስጥ የደቀቀ ዱቄት ታጭቆ ካገኘ፣ ያ ትል የበላበት መንገድ ነው። በውጭ በኩል ደግሞ ሦስት ሚሊሜትር የምታህል ቀዳዳ ይፈልግ። ክብ አይደለችም። አንድ ጎኗ ቀጥ ያለ ነው፣ የእንግሊዝኛዋን ዲ ትመስላለች።

ይሄን የሚሠራው ኢመራልድ አሽ ቦረር የሚባል ጥንዚዛ ነው። አረንጓዴ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አንስተሽ ጆሮሽ ላይ ብታንጠለጥይው ጌጥ የሚመስል ነገር። የመጣው ከምሥራቅ እስያ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታወቀው በ2002 ዲትሮይት አካባቢ ነው። ጥንዚዛው ራሱ ቅጠል ከመቀማመስ በቀር ብዙ ጉዳት የለውም። ገዳዩ ትሉ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ ዛፉ ምግቡን የሚያሳልፍበትን ሽፋን ዙሪያውን ይበላዋል፣ ከዚያ ዛፉ ከላይ ወደ ታች ይደርቃል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ አለቀ። በ2003 እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ተገኘ። ያ እንኳ በማገዶ አልነበረም፣ ከሚሺጋን በመጣ ችግኝ ነው። አሁን እኔ በሳምንት ከምቆርጠው ዛፍ ስንቱ በሱ የሞተ እንደሆነ ብነግርሽ ትገረሚያለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥንዚዛው በራሱ ክንፍ ሩቅ አይሄድም። ማገዶ ውስጥ ሆኖ ግን በሀይዌይ በሰዓት 65 ማይል ይሄዳል። "ዛፉ ሞቷል፣ ተቆርጧል፣ ምን ቀረው?" ይላል ሰው፤ ዛፉ ቢሞትም ትሉ ቅርፊቱ ሥር ተደብቆ ይከርምና ሲሞቅ ጥንዚዛ ሆኖ ይወጣል። የሚያዝያ ፍልጥ ገና ትኩስ ነው።

ስለ ሕጉ ደግሞ፦ ፌዴራል መንግሥት የአሽ ኳራንቲኑን፣ ማለትም የአሽ እንጨት ከተጠቃ አካባቢ እንዳይወጣ የሚከለክለውን ደንብ፣ በጃንዋሪ 2021 አንሥቷል። ይሄን የሰማ ሰው "ተፈቀደ" እያለ ያወራል። የተነሣው ግን ጥንዚዛው ስለጠፋ ሳይሆን ከእጅ ስላመለጠ ነው። የፓርኮቹና የየስቴቱ ደንብ ለብቻው ነው። ሸናንዶዋ ከውጭ የሚመጣ እንጨት በሙቀት የታከመና ማኅተም ያለበት ካልሆነ አይገባም፣ ስሞኪ ማውንቴንስ የሚባለው ፓርክም ከ2015 ጀምሮ እንደዚያው ነው። ኒው ዮርክ ስቴት ያልታከመ ማገዶ ከተገኘበት ቦታ ከ50 ማይል በላይ እንዳይጓዝ ይከለክላል። ኦክ ነው፣ ሜፕል ነው ማለትም አያዋጣም፤ ኦክም የራሱ በሽታና የራሱ ትል አለው።

ባልደረባሽ ልክ ናት። ክምሩ እዚያው ጓሮው ይቅር።

ሀገር_ዟሪ

ፈላጭ ቆራጭ የዛፉን ነገር ጨርሶታል፣ እኔ የአርቪውን ልጨምር።

የዛሬ አራት ዓመት እኔም እንደ ዋርሳሽ ነበርኩ። ከቤቴ እንጨት ጭኜ ሌላ ስቴት ወዳለ የካምፕ ቦታ ነዳሁ፣ ስሙን ልተወው። ደጃፉ ላይ የቆመው ልጅ በትሕትና "ምን ጭነዋል?" አለኝ፣ እኔም በኩራት ነገርኩት። ወይ ይዤ እንድመለስ፣ ወይ እዚያው ትቼ እንድገባ ነገረኝ፤ ሌሊት ስለነበር ሁሉንም በእጄ አውርጄ ትቼው ገባሁ። ትልቁ ችግር ግን እሱ አልነበረም። ለካ ጉዞው ሞቅ ሲያደርጋቸው ከፍልጡ ውስጥ ጉንዳኖች ወጥተው ዕቃ ማስቀመጫውን ወርሰውታል። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ መሳቢያ። በርበሬው ውስጥ ሳይቀር አገኘሁ። ለአከራዩ የጽዳት ክፍያ ከፍዬ ስጨርስ "ነፃ" እንጨቴ ከማንም እንጨት ተወዶ አረፈው።

ክብደቱንም አስቡት። እያንዳንዱ አርቪ በሩ አካባቢ የጭነት ልኩን የሚያሳይ ተለጣፊ ወረቀት አለው። ስድስት ሰው፣ የሞላ የውሃ ታንክ (አንዱ ጋሎን ከ8 ፓውንድ በላይ ነው)፣ ምግብ፣ የልጆች ብስክሌት፣ በዚያ ላይ ያልደረቀ ፍልጥ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይነግራችኋል።

ስለ ግዢው፦ ቢግ ሜዶውስ የካምፑ ሱቅ እንጨት ይሸጣል። ከመንገድ መግዛት ከፈለጋችሁም ሱፐርማርኬት ይገኛል፣ ግን እስሩ ላይ በሙቀት የታከመ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ፈልጉ። "ኪልን ድራይድ" ብቻ የሚል ጽሑፍ አያታልላችሁ። እሱ ለመንደዱ እንዲመች ደርቋል ማለት ነው። ለጥንዚዛው የወጣው የፌዴራል ልክ የእንጨቱ እምብርት 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ 60 ደቂቃ እንዲቆይ ነው፣ አንዳንድ ስቴት ከዚህም ያጠብቀዋል። መንገድ ዳር ገበሬዎች "5 ዶላር፣ ገንዘቡን ሣጥን ውስጥ ጣሉ" ብለው የሚደረድሩት እንጨት ደስ ይላል፣ ርካሽም ነው፣ ግን ስላልታከመ ወደ ሸናንዶዋ አይገባም። ሌላ ቦታ፣ የካምፕ ቦታው ራሱ እዚያው አካባቢ የተቆረጠ ከተቀበለ፣ ከሱ የተሻለ የለም። ከምታነዱበት 10 ማይል ውስጥ ከተገዛ ነገሩ አያሳስብም።

ስንት እስር ላልሽው፣ አንድ እስር በርከት ካለ አንድ ሰዓት ተኩል ይነዳል። ለአንድ ማታ ሦስት ያዙ፣ ለሁለቱ ስድስት። ባለፈው ዓመት 8 ዶላር ገዝቻለሁ፣ ስለዚህ 50 ዶላር ገደማ መድቡ። ቢግ ሜዶውስ 3,500 ጫማ ከፍታ ላይ ስለሆነ መስከረም መግቢያ ላይ ማታው ይበርዳል፣ ስስት አያዋጣም።

አንድ ከእንጨት ጋር የማይገናኝ ነገር። ከፓርኩ መግቢያዎች በፍሮንት ሮያል ወይም በቶርንተን ጋፕ ከገባችሁ ማይል 32 ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ፣ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። አርቪያችሁ ስንት እንደሆነ አረጋግጡ። ካልሆነ በስዊፍት ረን ጋፕ፣ በመንገድ 33 በኩል ብትገቡ ዋሻው አያገኛችሁም።

ይሄም_ያልፋል

ወገን፣ ይሄ ሁሉ ነገር እንጨት የመሸጫ ዘዴ አይመስላችሁም? አምስት ፍልጥ በላስቲክ ጠቅልሎ 8 ዶላር! ጥንዚዛው እንደሆነ ሜሪላንድም ቨርጂንያም ገብቷል፣ ከዚህ ወዲያ አንድ ክምር ምን ይጨምራል? እኔ ሃያ ዓመት ጭኛለሁ፣ አንድም ጫካ አልጠፋም።

ፈላጭ_ቆራጭ

ዋጋው ላይ እስማማለሁ፣ ግፍ ነው። ሌላው ላይ ግን አይደለም ወንድሜ።

ተራራው ላይ እስካሁን የቆሙ አሽ ዛፎች አሉ። ፓርኩ አንዳንዶቹን መርፌ እየወጋ፣ መድኃኒት እየሰጠ ነው ያቆየው። ያንተ ክምር ሟቾቹ ላይ የሚጨምረው እነሱን ነው። ደግሞ ተባዩ አንድ ብቻ አይደለም። በ2014 ፔንስልቬንያ በርክስ ካውንቲ ላንተርንፍላይ የሚባል ሌላ ተባይ ተገኘ፤ በ2018 ዊንቸስተር ቨርጂንያ ደረሰ። ዊንቸስተር ማለት ከፍሮንት ሮያል ትንሽ ሰሜን ነው። ይሄኛውማ እንጨትም አይመርጥም። ከመስከረም ጀምሮ እንቁላሉን ያገኘው ነገር ላይ ይለጥፋል፣ ግንድ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ የአርቪ ጎማ አጠገብ፣ የተዘረጋ ወንበር ሥር። የደረቀ ግራጫ ጭቃ ነው የሚመስለው። አንዱ ልጥፍ ውስጥ ከ30 እስከ 50 እንቁላል አለ። ስትመለሱ ወንበሮቹን ገልብጣችሁ እዩ፣ ካገኛችሁ በካርድ ፍቃችሁ አልኮል ውስጥ ጣሉት።

ሃያ ዓመት ጭነህ ምን እንዳደረስክ በምን ታውቃለህ? ትሉ ሥራውን ጨርሶ ዛፉ ሲደርቅ አንተ ቤትህ ገብተሃል።

የወልመራው_ጋሼ

ልጆች፣ ደህና ዋላችሁ? እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አርቪ ውስጥ ነው የምኖረው ብል ማጋነን አይሆንም። የእሳቱን ነገር ልናገር፣ ከዚያ ትንሽ እቆጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጭራሮ። ሸናንዶዋ ውስጥ መሬት ላይ ወድቆ የደረቀ እንጨት ለካምፕ እሳት መልቀም ይፈቀዳል። የቆመ ዛፍ አይነካም፣ ደርቆ ቢሆን እንኳ። ስለዚህ ልጆቹን ቀን ላይ ጭራሮ ልቀሙ ብለሽ ስደጃቸው፣ ሁለት ሰዓት ያርፉልሻል፣ ማቀጣጠያሽም በነፃ መጣ። ዋርሳሽም "በነፃ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ደስ ይለዋል።

እንጨት ስትገዢ ሁለቱን ፍልጥ አጋጪያቸው። ደረቁ "ቃ!" ይላል፣ እርጥቡ "ዱብ" ብሎ ዝም ነው። የጫፉ ፊት ላይ የተሰነጣጠቀ ከሆነም ደህና ነው። እርጥብ እንጨት እሳት ሳይሆን ለቅሶ ነው፣ ዓይናችሁን ይፈጃል፣ የጎረቤቱንም አርቪ ታጥናላችሁ።

ቡናውን በነበልባል ላይ አትጣጂ። የሸክላ ጀበና ነበልባል ሲልሰው ይሰነጠቃል። እንጨቱ ነዶ ፍሙ እስኪቀር ጠብቂ፣ እዚያው ማንደጃው ውስጥ ወደ ዳር ትንሽ ፍም በመቆስቆሻ ሳቢና ሦስት ድንጋይ እንደ ጉልቻ አድርገሽ ጣጂው። ይዘገያል እንጂ ቡናው ጭስ ጭስ ሳይል ይጥማል። ችቦውን በተመለከተ ደግሞ፣ ፓርኩ ውስጥ እሳት የሚፈቀደው በተዘጋጀው የብረት ማንደጃ ውስጥ ብቻ ነው። ልጆቹ ችቦ ይዘው ልዙር ካሉ የባትሪ ይሁን። ቅጠሉ መስከረም ላይ ደረቅ ነው።

አሁን ቁጣዬ። እኛ ሰዎች ዝናብ ሲመጣ የከሰል ምድጃውን ይዘን ወደ ውስጥ የመግባት ልማድ አለን። አርቪ ውስጥ ከሰል እንዳታስገቡ። ፍም የቀረ፣ "አመድ ሆኗል" የተባለም ቢሆን። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጭስ ሆኖ ዓይን አያቃጥልም። ወልመራ ቤታችን ሰፊ ነበር፣ ጣራው ያፈሳል፣ ግድግዳው ክፍተት አለው፣ ጢስ መውጫ አያጣም። አርቪ ግን የታሸገ ቆርቆሮ ነው። እኔ ራሴ በደረሰብኝ ልናገር። አንድ ጥቅምት፣ ዝናብ ነበር፣ የቡናውን ምድጃ ደረጃው ላይ፣ ማለትም በሩ ውስጥ ደፉ ላይ አስቀመጥነው። በሩን ገርበብ አድርገናል ብለን ነው። ባለቤቴ ሁለተኛውን ስትቀዳ "ራሴን ከበደኝ" አለች፣ እኔም "ጾም ነው" አልኳት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው ጮኸ። እኔ ደግሞ ባትሪው አልቆ ነው ብዬ ልነቅለው ተነሣሁ! ስነሣ እግሬ አልታዘዝ ሲለኝ ነው የገባኝ። ምድጃውን በእግሬ ገፍቼ ወደ ጭቃው ወረወርኩት፣ ስኒው ሁሉ አብሮ ሄደ። ባለቤቴ እስካሁን የምትቆጨው ለስኒዎቹ ነው።

ማንቂያው ይሠራ እንደሆነ አርቪውን ስትረከቡ አከራዩ ፊት ቁልፉን ተጭናችሁ እዩ።

ከሎሳንጀለስ

ከዚህ ወገን አንድ ነገር ልጨምር። ካሊፎርኒያ የምትመጡ ካላችሁ ከእንጨቱ በፊት እሳት መፈቀዱን ጠይቁ። በጋ ላይ ብዙ ቦታ ማገዶ ጭራሽ አይነደድም፣ ፕሮፔን ላይ የሚሠራ ማንደጃ ብቻ የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፣ አንዳንዴ እሱም ይከለከላል። የስቴቱ ድንበር ላይም መኪና አቁመው ፍራፍሬና እንጨት ይዘሃል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እኛ የፕሮፔኑን ገዝተን ጨርሰናል። ድምፁ "ሽሽሽ" ነው፣ እንጨት እንጨት አይሸትም፣ ልጆቹ ግን ልዩነቱን አያውቁም፣ እኔ ነኝ የምከፋው።

ጀበና_በጎማ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ ስለ ከሰሉ ያነበብኩት ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ነው፣ ምድጃው ለዝናብ ቀን ተብሎ ታሽጎ ነበር፣ አሁን ጋራዥ ተመልሷል።

ዛሬ ከሥራ መልስ ዋርሳዬ ጋ ሄድን። በመጀመሪያ ቅርፊቱን አልልጥም ብሎ ነበር። ልጄ ናት ማንኪያ አምጥታ የላጠችው። በሦስተኛው ፍልጥ ላይ ልክ ፈላጭ ቆራጭ እንዳለው ሙንጭርጭሩ ወጣ፣ በጣቷ ስትከተለው አንድ ክንድ ይሆናል። ጫፉ ላይ ትል ነበረ። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሩዝ ተሰልፎ የተቀጣጠለ የሚመስል። ዋርሳዬ ዝም ብሎ አየውና "ታዲያ ይሄ ዛፌን የበላው ነው?" አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ስምንት ዶላሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ክምሩን ክረምት ላይ እዚያው ቤቱ ሊያነደው ነው፣ እንደ ቂም።

ስድስት እስር እንገዛለን፣ ጭራሮው የልጆቹ ነው። አንድ የቀረኝ የዋሻው ነገር ነው። የኪራዩ ወረቀት ላይ ቁመቱ 12 ጫማ ይላል። ኤሲው ጣራ ላይ ጉብ ብሎ ይታያል፣ እሱን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር?

ሀገር_ዟሪ

አንዳንዱ ጨምሮ ይጽፋል፣ አንዳንዱ ሳይጨምር። አርቪውን ስትረከቡ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ዋርሳሽን መሰላል ላይ አውጪው፣ መለካት ይወዳል አይደል።